ራሴን አመመኝ ማለት ያሳፈረው አህያ

አንድ ጊዜ በተከዜ ቆላ ዝናብ ቀርቶ ሣሩ ሁሉ ተቃጠለ። የቆላ አህዮች የሚግጡት ቢያጡ ወደ ስሜን ደገኛ አህዮች መልእክት ላኩ። ደገኞቹም፣ «እኛ ጨው ቸግሮናል። አንድ ጭነት ጨው አድርሱልንና ክረምት እስኪገባ ከደጋው ሣር ከጓሳችን ጋጡ» ብለው መለሱ። ማን ይሂድ ሲባል ዳልቻ የሚሉት ጎረምሳ አህያ ከመሀል ብድግ አለ።

«ሌላው በአራት ቀን የሚወጣውን ዳገት እኔ በአንድ ቀን እወጣዋለሁ። ካልወጣሁት አህያ አትበሉኝ» አለ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። አህዮቹ ግን ርቧቸዋልና ጭንቅላቱን ማን ይይለት፤ መሬቱን በእግራቸው እየመቱ አሞገሱት። ዳልቻም በሙገሳው ላይ ጨውን አስጭኖ ለማግስቱ ጉዞ ተዘጋጀ።

ከቁጥቋጦው ኋላ ጅብና ቀበሮ ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። ጅቡ የቆላ ጅብ ነው። ቀበሮዋ ግን የስሜን ተወላጅ ናት፤ ዘመድ ልትጠይቅ ወርዳ ነው።

«እሜቴ ቀበሮ፣ ዛሬውኑ ብበላውስ?» አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ።

«አያ ጅቦ፣ ምን አስቸኮለዎት? ያገሬን ዳገት በአንድ ቀን የወጣ ቆለኛ በገዛ እግሩ ሄዶ ይወድቃል። የእርስዎ ሥራ ከኋላ መከተል ብቻ ነው» አለችው።

ጅቡም ራሱ ቆለኛ መሆኑን ማን ያስታውሰው። ጅብ ሆዱ ማሰብ ከጀመረ ሌላው አካሉ ሥራ ይፈታል።

ቀበሮዋ በዚህ አላበቃችም። ዳልቻ ሊነሳ ሲል ጠጋ ብላ፣ «መሀል ዳገት ላይ አንዲት አሮጊት አህያ አለች። መንገደኛውን ሁሉ ሁለት ቀን እደር እያለች ታስቀራለች። የደካሞች ማረፊያ ናት። አንተን የመሰለ ጎበዝ እዚያ አደረ ቢባል፣ ሰው ምን ይላል?» አለችው። ዳልቻ ይህን «ሰው ምን ይላል» የሚሉትን ነገር ከጭነቱ ጋር ተሸክሞ መንገድ ጀመረ።

እኩለ ቀን ሲሆን መሀል ዳገቱ ላይ ደረሰ። ሦስት አራት የጭነት አህዮች ጭነታቸውን አውርደው ተኝተዋል። እማማ አመድማ የሚሏት አሮጊት አህያ እየተጎተተች መጣች። በዚያ ስፍራ ሰላምታው ሌላ ነው። እንዴት ዋልክ አይባልም።

«ራስህን ያምሃል ወይ ልጄ?» አለችው። የተጠየቀ ሁሉ እውነቱን እንዲመልስ የአገሩ ደንብ ነው።

የዳልቻን ጆሮ ግንድ የሆነ ነገር ይቀጠቅጠው ከጀመረ ቆይቷል። የተኙት አህዮች ሁሉ ያዩታል።

«ምንም አላመመኝም እማማ። ጭነቱ ትንሽ አዘንብሎብኝ ነው።»

«እንግዲህ ስማኝ» አለች እማማ አመድማ። «ከዚህ በላይ አየሩ ስስ ነው። የቱንም ያህል ብትስብ የቆላውን ያህል አይሞላልህም። ሰውነት ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ቀን ከሰጡት ትንፋሹንም ደሙንም ያበረታና ይለምደዋል። ቀን ከነፈጉት ግን ጉልበተኛ ሰነፍ ሳይል ይጥላል። አንተ ደግሞ ጉልበትህን አምነህ ስለማትቆም ይብስብሃል። ካመመህ እዚያው ቁም፣ ካልተሻለህ ውረድ። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

«ይህ ምክር አቅም ላነሰው ነው እማማ» አለ ዳልቻ።

ዳልቻ ቃሉ ካፉ እንደወጣ ፊቱ ጋለ፤ አያቱን የምታህል አሮጊት መድፈሩ ነው። ይቅርታ እንዳይል ደግሞ ይቅርታውም አሳፈረው። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ ሽቅብ ቀጠለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል ከሚበቅልበት ሜዳ ላይ ደረሰ። አንድ እርምጃ ሲሄድ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል። ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል። ራሱ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ሆዱ ይገለበጣል። እግሮቹ አልታዘዝ አሉት፤ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ ለአፍታ ጠፋውና ከነጭነቱ ተዘረጋ።

ከኋላው ጅቡ ደረሰ። አምስት እርምጃ ሲቀረው እሱም ቁጭ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ሊበሉኝ ነው የመጡት?» አለ ዳልቻ በደከመ ድምፅ።

«አዎ። ብቻ ትንሽ ትንፋሽ ልሰብስብ» አለ ጅቡ። የሥጋው ሽታ ሲደርሰው ግን አቅለሸለሸው። ከተወለደ ጀምሮ ምግብ አስጠልቶት የማያውቅ ፍጡር፣ አህያ ፊቱ ተጋድሞለት አስመለሰው።

ይህን ጊዜ ቀበሮዋ ከድንጋይ ኋላ ብቅ አለች። አገሯ ነውና ትንፋሿ እንኳ አልተዛነፈም።

«ምነው አያ ጅቦ፣ አመመዎት እንዴ?»

«እኔን? ጅብ ምን ያመዋል። ሥጋው ይርጋልኝ ብዬ ነው እንጂ» አለ አረፋ እየደፈቀ።

ወዲያው ከታች ድምፅ ተሰማ። እማማ አመድማ የዳልቻ አካሄድ አላምር ብሏት ሁለት የጭነት አህዮች አስከትላ ቀስ እያለች ወጥታለች። «ዳልቻ፣ ራስህን ያምሃል ወይ?» ብላ ተጣራች።

«መልስላት እንጂ» አለች ቀበሮዋ በሹክሹክታ። «አልቻልኩም፣ ወደቅሁ በላት። ቆላ ሁሉ ይስማልህ።»

ዳልቻ አፈረ። ከሞት ይልቅ ያ ሙገሳ አስፈራው፤ ዝም ብሎ እዚያው ሊቀር ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ቀና ሲል ጅቡን አየው። ዓይኑ ፈጦ፣ ምላሱ ተጎልጉሎ፣ «ምንም አላመመኝም፣ ምንም» ይላል። የራሱን ቃል ከሌላ አፍ የሰማ መሰለውና ይብስ አፈረ።

«ያመኛል እማማ» አለ እያለቀሰ። «ከእርስዎ ዘንድ ስደርስም ያመኝ ነበር። ዋሽቼዎታለሁ፤ ደፍሬዎታለሁም። አልቻልኩም፣ አውርዱኝ።»

እሷም አልተቆጣችም። አንደኛው አህያ ጨውን ተሸክሞ ወደ ደገኞቹ ሄደ፤ ሌላው ዳልቻን በጎኑ ደግፎ ቁልቁል ያዘ። እማማ አመድማ ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጅቡ ዞር አለች።

«አንተስ አያ ጅቦ? ጠላትም ቢሆን እዚህ ታሞ አይተውም። ተነስ፣ አብረን እንውረድ።»

ጅቡ ቀበሮዋን አየ። «አህያ ደግፎት ወረደ ልባል? እኔ ደህና ነኝ» አለ። ቀበሮዋ ፊቷን አዙራ ሳቀች። በማግስቱ ጨው አድራሹ ሲመለስ፣ ቀበሮዋ ሆዷን ነፍታ ከጅቡ አጥንት አጠገብ ፀሐይ ስትሞቅ አገኛት።

ዳልቻ መሀል ዳገቱ ሲደርስ ራሱ ቀለለው፤ ባረፈ በሦስተኛው ቀን ሣር አማረው። የቆላ አህዮችም ጨው ደረሰ የሚለውን ሰምተው ለግጦሽ ሲወጡ እዚያው አገኙት። «በአንድ ቀን ወጣኸው አይደል?» ብለው ከበቡት።

ዳልቻ አዎ ቢል የሚያጋልጠው አልነበረም፤ እማማ አመድማም ለማንም አልተናገረችም። ጆሮው እስከ አገጩ ወረደ።

«አልወጣሁትም። ወድቄ ተደግፌ ወረድኩ። ጨውን ያደረሰው ሌላ ነው» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። አንዷ፣ «አህያ አትበሉኝ ያልከው አንተ አይደለህ?» ብላ ወጋችው። ዳልቻ መሬት መሬት አየ። ሳቁ ጋብ ሲል ግን ግብዳው አጎቱ፣ ከመንጋው ሁሉ ጉልበተኛ የሚባለው፣ ጠጋ ብሎ፣ «እኔም እኮ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን እያመመኝ ነው» አለ በዝግታ። እሱ ሲል ሌላዋም አለች፤ ከዚያ ግማሹ መንጋ አለ። ሁሉም እዚያው ሁለት ቀን አደሩና አንድም ሳይወድቅ ጓሳው ደረሱ።

ከዚህ የምንማረው፣ «አመመኝ» ማለት ያሳፈረው ለቀበሮ ቀለብ እንደሚሆን፣ እፍረቱን ውጦ የተናገረ ግን አንገቱን ደፍቶም ቢሆን ራሱንም ወገኑንም እንደሚያተርፍ ነው።