በታንኳ ላይ የተፈተለው ክር

የአምላክ እናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በባሕር መካከል፣ በአንዲት ፈታይ እጅ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ልመናዋ የተሸበረውን ልብ ሁሉ ያጽና፤ አሜን። ምእመናን ሆይ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እዚያ ጥግ የምታንሾካሽኩትም ነፋሱ ሳይነሣ ዝም ብትሉ ይሻላችኋል።

በጣና ባሕር ካሉት ደሴቶች በአንዲቱ ወለተ ሐና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ እመቤታችንንም ከልቧ ትወድ ነበር። ለቤተ መቅደሷ መጋረጃ የሚሆን ክር በየዕለቱ ሳትፈትል እህል ላትቀምስ ተስላ ነበርና፣ ማለዳ ማለዳ ከደጃፏ ቁጭ ብላ፣ ባዶ ተረከዟን ከመሬት አስነክታ፣ ረጅም ትንፋሽ ትተነፍስና ክሩን በሳበች ቁጥር «ሰላም ለኪ» ትል ነበር። ጭንቅ የያዛት ጎረቤት ሁሉ ወደ እርሷ ትመጣ ነበር፤ እርሷም ከአጠገቧ አስቀምጣ «እስቲ መጀመሪያ ተንፍሺ፤ ችግሩ እንደ ሆነ ትንሽ ብትቀመጪ ጥሎሽ አይሄድ» ትላለች፤ መጥታ ያለቀሰችው ስቃ ትመለስ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ እንዝርቷን ሳታነሣ መልእክተኛ ከማዶ መጣና «ልጅሽ ትርንጎ ምጥ ጠንቶባታል፤ አዋላጆቹም ተስፋ ቆርጠዋል፤ እናቴን እናቴን ትላለችና ድረሽላት» አላት። ትርንጎም አንድያ ልጇ ነበረች። ወለተ ሐናም ባዘቶዋንና እንዝርቷን በጉያዋ ሸጉጣ እየሮጠች ከወደቡ ደረሰችና ደምለው የሚባለውን ባለ ታንኳ «አሻግረኝ» አለችው። ደምለውም ሰማዩን አየና «እናቴ፣ ነፋስ እየመጣ ነው፤ ዛሬስ አይሆንም» አላት፤ እግሩ ላይ በወደቀች ጊዜ ግን አንጀቱ አልቻለም። «እሺ፤ ነገር ግን ታንኳ ከደንገል ቄጠማ የታሰረ ነው፤ ተቀምጠው ከጸኑበት ይሸከማል፣ ከቆሙበት ግን ይገለበጣል፤ የመጣው ቢመጣ ማንም እንዳይነሣ» አለ። ከእነርሱም ጋር ዘውገ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ስልቻውን ይዞ ተሳፈረ።

ከባሕሩም መካከል በደረሱ ጊዜ ነፋሱ ተነሣ፤ ማዕበሉም ታንኳውን ወደ ላይ ያነሣው ወደ ታችም ይጥለው ጀመር፤ ከዚያም መቅዘፊያው ከደምለው እጅ ተነጥቆ ሄደ። ዘውገም «ኧረ የሰው ያለህ! አለቅን!» ብሎ ጮኸና ብድግ አለ፤ ታንኳውም ወደ ጎን አዘነበለና ውኃ ገባበት። ደምለው «ተቀመጥ አንተ ሰው፣ ጨረስከን!» ቢለው አልሰማም፤ ዘልሎ ሊገባ ኩታውን ይፈታ ጀመር፤ ወይ ጉድ፣ ዋና እንኳ አያውቅም!

ወለተ ሐናስ? እርሷም ፈራች፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ናት። ተረከዟን ብትጫን ከበታቿ የሚዋልል ደንገል እንጂ መሬት የለም፤ ልትተነፍስ ብትል ደረቷ ታፈነ፤ «ሰላም ለኪ» ልትል አፏን ብትከፍት ከልጅነቷ ጀምራ ስትለው የኖረችው ጸሎት ከነመነሻው ጠፋባት። በልቧም «ልጄ እየጠራችኝ ልትሞት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረም።

ያን ጊዜ በታንኳው ራስ አንዲት ሴት ተቀምጣ አየች፤ ስትሳፈር ያያት የለም፤ ልብሷን ውኃ አልነካውም፤ በእጇም ሐርና ወርቅ ትፈትል ነበር። ከፈትሏም ቀና ሳትል «ወለተ ሐና፣ የዛሬውን ክር አልፈተልሽም» አለቻት። ወለተ ሐናም «እመቤቴ፣ ማዕበሉስ!» አለች። እርሷም «ማዕበሉ የልጄ ነው፤ ክሩ ያንቺ ነው። አንቺ ክርሽን እዪ» አለቻት።

ወለተ ሐናም ባዘቶዋን ከጉያዋ ብታወጣ ደርቆ አገኘችው፤ እንዝርቱንም በጭኗ ላይ አሾረችውና ክሩ መጣ፤ ክሩም ሲመጣ ትንፋሿ መጣ፤ ከትንፋሿም ጋር «ሰላም ለኪ» የሚለው ቃል ተመለሰላት። ከዚያም የክሩን ጫፍ ወደ ዘውገ ዘርግታ «ልጄ፣ ይህን ያዝልኝ፤ የእመቤቴ ስእለት ነው፤ ከቆምክ ይበጠሳል» አለችው። ሞትን ፈርቶ የተነሣው ሰው የማርያምን ስእለት መበጠስ ፈራና ቁጭ አለ፤ ታንኳውም ተቃና። ማዕበሉ ግን ወዲያው አልተወም፤ እርሷ ትፈትላለች፣ ዘውገ ጫፉን ይዞ ዓይኑን ከክሩ ሳይነቅል ይተነፍሳል፣ ደምለውም በእጁ ውኃውን እየቀዘፈ «ሰላም ለኪ» ይላል፤ ከጸጉር የቀጠነውም ክር በዚያ ሁሉ ነፋስ አልተበጠሰም። እንዲህም እያሉ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ከማዶው ዳር አወጣቸው። ደምለውም ዘወር ብሎ «ከፊት የነበሩት እመቤት የት ወረዱ?» ቢል፣ የተቀመጠችበት ደንገል ብቻውን ደርቆ ነበር።

ወለተ ሐናም ቆማ አልጠየቀችም፤ እንዝርቷን እንደ ያዘች ወደ ልጇ ቤት ገሠገሠች። ትርንጎም ፊቷ ጠቁሮ «እናቴ፣ አልቻልኩም፤ በቃኝ» አለቻት። እናቷም የልጇን ተረከዝ ከወለሉ አፈር አስነክታ፣ ክሩን በእጇ አስጨብጣ «ምጡን ተይው ልጄ፤ ይህቺን ክር እዪ፤ ተንፍሺና ሳቢ» አለቻት። እርሷም ትተነፍስና ትስብ፣ ትተነፍስና ትስብ ጀመር፤ ሴቶቹም «ማርያም ማርያም» እያሉ ወገቧን ያዙ፤ ጥቂትም ቆይታ ሴት ልጅ በደኅና ተገላገለች። ቤቱም በእልልታ ተሞላ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት።

ከዚያም አንዲቱ አዋላጅ ክሩ በበሩ ሥር ወደ ውጭ መሄዱን አየችና ተከትላ ብትወጣ፣ ዘውገ ውኃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ ከደጃፉ ተቀምጦ፣ ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ አገኘችው፤ ልቀቅ ያለው አልነበረምና ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ሳይለቅ ተከትሏት መጥቶ ነበር። አዋላጂቱም ሳቋ መጣ፤ ፊቱን ባየች ጊዜ ግን ሳቋን ተወችና «ልቀቀው ወንድሜ፤ አንተንም እንኳን ማርያም ማረችህ» አለችው። እርሱም ያን ጊዜ ለቀቀውና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ያም ክር ከመጋረጃው ገብቶ ተሸመነ፤ ሁሉም እመቤታችንን አመሰገኑ። እኛንም መሬት ከእግራችን በታች ስትከዳን፣ ጸሎቱም ከአፋችን ሲጠፋ፣ የያዝናትን ቀጭን ክር ድንግል አትበጥስብን፤ የሰማችሁትን፣ ያንሾካሾካችሁትንም ጭምር፣ ከማዕበል አውጥታ በደኅና ከቤታችሁ ታግባችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።