የውርጭ አምባ በትር

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከውርጭ አምባ ተራራ ሥር ባለች መንደር አንድ በትር ባለቤት አጣ። በትሩ የመንገድ መሪው የአያ ዘርጋው ነበር። በበረዶው ላይ በትሩን የያዘ ሰው «ሂዱ» ካለ ይኬዳል፣ «ቁሙ» ካለ ይቆማል። አያ ዘርጋው ሲሞቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች የሟቹን ሁለት ወንዶች ልጆች ጠርተው፣ «ጨው የጫኑትን ነጋዴዎች ተራራውን በደህና ያሻገረ ይወርሰዋል» አሏቸው። ታናሽ እህታቸውን ትርንጎን የጠራት አልነበረም። «እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ተከተለች። ማን ያስቀራት!

ታላቅየው ደርብነው በረዶ ያውቃል። «እስከ ረፋድ ይሸከመናል፤ ፍጠኑ!» አለና ዶማውን ይዞ ቀደመ። እንደ ድንጋይ የጠጠረውን በረዶ እየፈለጠ ተራራውን እስከሚያሻግረው በር ድረስ እርከን አወጣ፤ ብቻውንም ተሻገረ። ከማዶ ሆኖ «ኑ!» እያለ ይጣራል።

በቅሎዎቹ ግን አዝጋሚ ነበሩ። የመንገዱ አጋማሽ ምልክት የሆነውን የድንጋይ ካብ እንዳለፉ ረፍዶ ፀሐይ በረታችና የትርንጎ እግር እስከ ጉልበቷ ሰመጠ። ጎንበስ ብላ ስታዳምጥ ከበረዶው ሥር ውሃ ይሄዳል። ዘወር ብላ መንገዱን ዘጋች።

«ተመለሱ!»

«ካቡን ያለፈ አይመለስም!» ብሎ የነጋዴዎቹ አለቃ ጮኸ። «የአባትሽን ሕግ ልትሽሪ ነው? በትር እንኳ በእጅሽ የለ!»

«አባቴ ያንን ያሉት በረዶው ለጠጠረ ቀን ነው። ዛሬ ከሥሩ ውሃ ሆኗል። ማለፍ የፈለገ እኔን ረግጦ ይለፍ!»

የረገጣት አልነበረም። እየተሳደቡ ተመለሱ። ቁልቁል ሲወርዱ አንድ አዛውንት ነጋዴ በላላው በረዶ ተንሸራተው ገደል ገቡ። መካከለኛው ወንድም ጓንጉል ገመድ ከበቅሎ አንገት አስሮ ወረደ፤ አዛውንቱን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ሁለት ጣቶቹ ተሰብረው ነበር።

ሁሉም ከካቡ በታች ሲደርሱ ተራራው ጮኸ። ናዳ ወርዶ የበሩን መንገድ ዋጠው።

ደርብነው ተራራውን ዞሮ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሽማግሌዎቹ ሊፈርዱ ተቀመጡ።

«ቢከተሉኝ ናዳው ሳይወርድ ያልፉ ነበር» አለ ደርብነው። «የተሻገርኩትም እኔ ብቻ ነኝ። የወረዱትም በእኔ እርከን ነው።»

ጓንጉል የታሰረ እጁን አሳየ። «እኔ ባልወርድ ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበራችሁ።»

«የወደቁት እኮ እሷ ስለመለሰቻቸው ነው!» አለ ደርብነው።

«በቅሎ እንዳንተ አይሮጥም፣ አያ ደርብነው» አለች ትርንጎ።

አንዱ ሽማግሌ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ሕግ ጥሰሻል።»

«አዎ፣ ጥሻለሁ። ነገም ከበረዶው ሥር ውሃ ከሰማሁ እጥሳለሁ። በትሩን ብትሰጡኝም፣ ባትሰጡኝም።»

ሸንጎው ገና አልፈረደም። በትሩ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው፤ ሌሎች ነጋዴዎች ከመንደሩ ዳር በቅሎዎቻቸውን እየጫኑ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ነገ ማለዳ ተራራውን የምትወጡት እናንተ ብትሆኑ፣ በትሩን በማን እጅ ማየት ትፈልጋላችሁ?