የደብሪቱ የመጀመሪያ ጋን

ለቅሶ ቤት ሄዶ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው መታማቱ አይቀርም። በእኛ አገር ግን ሐሜተኛን ዝም የምታሰኝ አንዲት አባባል አለች። ስትሰሟት ተራ ትመስላለች፤ መነሻዋ ግን እኔን ዛሬም ያስጨንቀኛል።

ወይዘሮ ደብሪቱ የታወቀች ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። ዓይኗ ደክሞ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅታት፣ «እጄስ ገና ደህና ነው» ብላ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሄደች። ሴቶቹ ሳቁባት። አንጋፋዋ እማማ ስንዱ ብቻ ጭቃ አካፍለው ከጎናቸው አስቀመጧት።

ከብዙ ብልሽት በኋላ አንድ ጋን ቆመላት። ክረምቱ ግን እየገባ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ዕቃቸውን የሚያቃጥሉት በአንድ ክምር ነው። ያልደረቀ ሸክላ እሳት ውስጥ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም የጎረቤቱን ይዞ ነው። ይህን ደብሪቱም አሳምራ ታውቃለች።

በማቃጠያው ቀን ሰማዩ ጠቆረና ሁሉም ተጣደፈ።

«ያንቺስ ደርቋል?» አሏት እማማ ስንዱ።

ደብሪቱ ጋኑን ከውጭ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። እጇን ወደ ውስጥ ልትሰድ አለችና ፈራች። እርጥብ ቢሆንስ? ከዛሬ ወዲያ እስከ መስከረም እሳት የለም። እነዚያ የሳቁባት ሴቶች ደግሞ ቆመው ያዩዋታል። ምናለ ያን ጊዜ እውነቱን ብትናገር!

«ደርቋል፣ እማማ» አለች።

እሳቱ ተለኮሰ። ደብሪቱ መቀመጥ አቃታት፤ ማገዶው በተንጣጣ ቁጥር ትደነግጣለች። «አውጡልኝ» ልትል አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ነበልባሉ ከፍ ካለ በኋላማ ማን ምን ያወጣል? ወዲያው ክምሩ ውስጥ ድው አለ፤ የስባሪ ድምፅም ተከተለ።

አመዱ ሲገለጥ የደብሪቱ ጋን ገል ሆኗል። ከጎኑ የነበሩት የእማማ ስንዱ እንስራዎችም አልተረፉም። ደብሪቱ ገሉን አቅፋ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም።

«ኧረ እዩዋት!» ብላ ጮኸች ብርቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ። «የሰው ልፋት አጥፍታ እንባ እንኳ የላትም! ከነገ ጀምሮ እዚህ ድርሽ እንዳትል!»

እማማ ስንዱ ስባሪያቸውን ትተው መጡና የደብሪቱን ጀርባ ዳበስ አደረጉ። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወደ ብርቄ ዞር ብለው እንዲህ አሉ፦ «ተዪያት ልጄ፤ ላዩ ቢደርቅ ሆዱን ጠይቅ።»