ከማስታወቂያው በኋላ ያልተነገረች ቃል

አንድ በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር የሚዳኙ አዛውንት ነበሩ። አቶ አድማሱ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ካሳለፉና ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ እሑድ እሑድ በቀጥታ በሚተላለፍ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ላይ በዳኝነት ይቀመጡ ነበር። ጥያቄውን የሚያወጡት ራሳቸው፣ መልሱን የሚያጸድቁትም ራሳቸው ነበሩ። ከረባታቸው ሳይዛነፍ፣ ጀርባቸው የወንበሩን መደገፊያ ሳይነካ ተቀምጠው «ትክክል» ወይም «ስሕተት» ሲሉ፣ ያ ቃል በየቤቱ እንደ ሕግ ይቆጠር ነበር። ሁለት ሰዎች በሻይ ቤት ስለ አንድ ወንዝ ርዝመት ቢከራከሩ፣ አንደኛው «አቶ አድማሱ እንዲህ ብለዋል» ካለ ክርክሩ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ተሸናፊው አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ይጠጣል።

አቶ አድማሱ ይህን ያውቁ ነበር፤ ይኮሩበትም ነበር። በዳኝነት በቆዩበት ዘመን ሁሉ የሰጡትን ውሳኔ አንድም ቀን አጥፈው እንደማያውቁ ለወዳጆቻቸው ደጋግመው ይናገራሉ። ይህን ሲሉ፣ ተሳስቼ አላውቅም ማለታቸው ነበር። ውሳኔን አለማጠፍና አለመሳሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዱት ዘግይተው ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር የሚካሄድበት እሑድ ደረሰ። ለዋንጫው የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ምላሱ የፈጠነ ወጣት የባንክ ሠራተኛ፣ ሁለተኛዋ ከሩቅ ከተማ የመጣች ትርንጎ የምትባል የጂኦግራፊ መምህርት። ነጥባቸው እኩል ነው። በመምህርቷ ከተማ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተከፍቶ፣ ተማሪዎቿ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተጠጋግተው ይመለከቷታል። ለእነርሱ ጉዳዩ የዋንጫ ብቻ አልነበረም። መምህርታቸው የምታስተምራቸው ሁሉ እውነት መሆኑን አገር ፊት የምታስመሰክርበት ዕለት ነበር።

የፕሮግራሙ አቅራቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «መምህርት ትርንጎ፣ የመጨረሻው ጥያቄ የእርስዎ ነው። በዓለም ላይ በስፋቱ አንደኛ የሆነው በረሃ የትኛው ነው?» ሲል ጠየቃት።

መምህርቷ ፈገግ አለች። ይህን በየዓመቱ ታስተምረዋለች።

«አንታርክቲካ» አለች።

በስቱዲዮው የነበረው ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። በረሃ ሲባል በእኛ አገር ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው አሸዋና ግመል፣ ጠራራ ፀሐይና ጥም ነው፤ እርሷ የጠራችው ደግሞ በረዶ የተጫነውን የምድር ጫፍ ነው። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ግመሎቹ ካፖርት ይለብሳሉ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሳቁ እንደገና አገረሸ። አቅራቢውም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን እያፈነ ወደ ዳኛው ዞረ።

አቶ አድማሱ ቀልድ የሚያበዙ ሰው አልነበሩም። ያን ዕለት ግን የሕዝቡ ሳቅ ሞቅ አደረጋቸውና፣ «መምህርት፣ የተጠየቁት ስለ በረሃ እንጂ ስለ በረዶ መጋዘን አይደለም። መልሱ ሰሃራ ነው» አሉ።

ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ በረሃ የሚያሰኘው እኮ ሙቀቱ ሳይሆን የዝናቡ ማነስ . . .» ብላ ጀመረች መምህርቷ።

«ውሳኔው ተሰጥቷል» አሉ ዳኛው።

ማስታወቂያም ገባ።

በዚህ ጊዜ ምንታምር የምትባል የፕሮግራሙ አዘጋጅ ስልኳን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለችና ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።

«ጋሼ አድማሱ፣ ሴትዮዋ ልክ ናት። ይኸው ይዩት። በረሃ የሚባለው ዝናብም ሆነ በረዶ እጅግ በጥቂቱ የሚወርድበት ምድር ነው ይላል። ሰሃራ ከሞቃታማዎቹ በረሃዎች ነው አንደኛ የሆነው፤ ከሁሉም አይደለም።»

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። እርሳቸው የተማሩበትና ጥያቄ ያወጡበት የነበረው አሮጌ መጽሐፍ ነገሩን እንዲህ አድርጎ አላስረዳም ነበር።

«ስንመለስ አንዲት ቃል ይናገሩና ነጥቧን እንስጣት» አለች ምንታምር።

«ምን ብዬ?»

«ተሳስቻለሁ ብለው ነዋ!»

«ዛሬ ተሳስቻለሁ ካልኩ፣ በሚመጣው እሑድ ተወዳዳሪው ሁሉ እየተነሣ ‹ይታይልኝ› ሊለኝ ነው። ዳኛና መንገደኛ በምን ሊለይ ነው ታዲያ?»

«እርሷስ ጋሼ? ሲስቁባት አላዩም?»

«አስተማሪ ናት። ትችለዋለች።»

ምንታምር ፊታቸውን ትኩር ብላ አየችና፣ «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ማስታወቂያው አለቀ፤ መብራቱ በራ። አቶ አድማሱ ጀርባቸውን አቅንተው ተቀመጡ። አልተናገሩም። የሳተችው ነጥብ ለተፎካካሪዋ ተቆጠረና ዋንጫው ለባንክ ሠራተኛው ተሰጠ። መምህርቷ የስንብት ተራዋ ሲደርስ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና፣ «አመሰግናለሁ፤ ተምሬበታለሁ» አለች። ዳኛው ይህን የጨዋ ሰው ስንብት አድርገው ወሰዱት።

በሚቀጥለው እሑድ በመግቢያ ንግግራቸው ላይ በጨረፍታ ሊያነሡት ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር። የሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ ግን አዲሱ የውድድር ዙር ተጀምሮ ሌላ ተወዳዳሪ፣ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ከዚያም፣ «የተረሳ ነገር ምን ያነሣሣዋል?» አሉ። ነገሩ ግን አልተረሳም ነበር። ታክሲ ሲሳፈሩ ረዳቱ፣ «ጋሼ ዳኛው! የበረዶ መጋዘን!» እያለ በሳቅ ይቀበላቸዋል። በሠርግ ቤት፣ አልፎ አልፎም በልቅሶ ቤት፣ ያችን ቀልድ እየጠቀሱ ያሞግሷቸዋል። ሰዎቹ ደስ የሚያሰኟቸው መስሏቸው ነው። እርሳቸው ግን ወሬውን ለማስቀየር ይቸኩላሉ። ሚስታቸው፣ «ሰው ሲያመሰግንዎት ለምን ፊትዎ ይጠቁራል?» ብትላቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው ይወጡ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጣቢያው ውድድሩን አቋርጦ በምትኩ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። አቶ አድማሱ ከልብ የደነገጡት ያን ጊዜ ነው። ቃሉን እናገርበታለሁ እያሉ ቀን ይቀጥሩበት የነበረው ወንበር ከእንግዲህ የለም።

በመጨረሻም ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው አውቶቡስ ተሳፈሩና ወደ መምህርቷ ከተማ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ የተዘጋጁት ለቁጣ ነበር። ትሰድበኛለች አሉ፤ ይገባኛል አሉ። ብትሰድባቸው እንደሚቀልላቸውም ተስፋ አድርገው ነበር።

መምህርት ትርንጎ ግን ከክፍል ስትወጣ ገና ከሩቅ አወቀቻቸው። ጠመኔ የነካውን እጇን በጋዋኗ ላይ ጠርጋ እየተጣደፈች መጣች።

«ጋሼ አድማሱ! በሕልሜ ነው በውኔ? ኑ እናንተ፣ ያረሙኝ ሰው መጡ!» ብላ ባልደረቦቿን ጠራች። ወንበር አስመጣች፤ ሻይ አዘዘች።

«ያረምኩዎት?» አሉ አቶ አድማሱ።

«እንዴታ! ስንት ዓመት ሙሉ ልጆቹን ስሕተት ሳስተምር ኖሬ እርስዎ አይደሉ ያስጣሉኝ? ያነበብኩት መጽሐፍ አሳስቶኝ ነው አልኩና፣ በማግስቱ ሰኞ በማስተምርባቸው ክፍሎች ሁሉ እየገባሁ፣ ‹ልጆች፣ ተሳስቼ ነበር፤ አንታርክቲካ ያልኳችሁን ሰርዙና ሰሃራ በሉ› አልኳቸው። ከእኔ ክፍል ያለፉትን ደግሞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው።»

«በሰልፍ ላይ? በተማሪው ሁሉ ፊት?»

«ታዲያ የት ልንገራቸው ጋሼ? እነርሱ ሲሳሳቱ በሰው ፊት አይደል የማርማቸው? አፈርኩ፤ አልዋሽዎትም። ግን የአንድ ሰኞ ነገር ነው፤ አለፈ። ያስቸገረኝ ይባቤ የሚባል አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። ‹የተሳሳቱት ዳኛው ናቸው እንጂ እርስዎ አይደሉም› ብሎ ድርቅ አለብኝ። ብለው ብሠራው አልሰማ አለ። በኋላማ ብሽቅ አልኩና፣ ‹አንተ ከኚያ ትልቅ ሰው ልትበልጥ ነው? ስድ!› ብዬ ከክፍል አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ እጁን አውጥቶ መልስ መልሶልኝ አያውቅም። ኩርፊያው እንዴት ይከብድ ነበር መሰልዎት!» ብላ ሳቀች።

አቶ አድማሱ የሻዩን ብርጭቆ ሳይቀምሱት አስቀመጡ።

«መምህርት፣ ልጁ ልክ ነበር። እርስዎም ልክ ነበሩ። እኔ ደግሞ ይህን ያወቅሁት ዛሬ አይደለም። ያን ዕለት፣ ማስታወቂያው ሳያልቅ አውቄዋለሁ» አሉ።

ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ፈገግታዋ ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ከፊቷ ጠፋ። ዳኛው ስድቡን ጠበቁ። እርሷ ግን ስለ እርሳቸው አልተናገረችም፤ ስለ ዋንጫውም፣ ስለ ተሳቀባት ሳቅም አልተናገረችም።

«ይባቤን አስወጣሁት እኮ» አለች፤ ብድግም አለች።

ጋዋኗን ሳታወልቅ ከትምህርት ቤቱ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ልጁ እናት ቤት ገሰገሰች። አቶ አድማሱም ከኋላ ከኋላ ተከተሏት። እናቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

«ይባቤ? እሱማ ትምህርቱን ከተወ ቆየ» አሉ እናቲቱ። «ለምን ብለው አልነግር አለኝ። አሁን የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ምነው፣ ምን ሆኖ ነው? ቆይ ልደውልልሽ።»

መምህርቷ ስልኩን ተቀበለች። «ይባቤ፣ እኔ ነኝ፤ መምህርት ትርንጎ። ያን ጊዜ ስለ በረሃው የተከራከርከኝ፣ ልክ አንተ ነበርክ። በከንቱ ነው ያስወጣሁህ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ሞተር ይጮሃል። ከዚያ ውስጥ የጎልማሳ ድምፅ መጣ፤ አቶ አድማሱም አጠገቧ ቆመው ይሰሙታል።

«ኧረ መምህርት፣ ይተዉት። አንታርክቲካ ሆነ ሰሃራ ሆነ ለእኔ ምኔ ነው? በቴሌቪዥን ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብዎት አላስቻለኝም ነበር። ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው የተከራከርኩት።» ደግሞ ወዲያው፣ «ልንነሣ ነው፤ ሹፌሩ እየጠራኝ ነው። እማዬን ሰላም ይበሉልኝ» አለ፤ መስመሩም ተዘጋ።

መምህርቷ ስልኩን ለእናቲቱ መልሳ ወደ ዳኛው ዞረች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ስሕተቴ የመሰለኝን ለማረም አንድ ሰኞ በቅቶኝ ነበር። ይህንንስ በየትኛው ሰኞ ላርመው?»

አቶ አድማሱ ይቅርታ የሚለውን ቃል ከቤታቸው ይዘውት ወጥተው ነበር፤ አሁን ግን ለማን እንደሚሰጡት ግራ ገባቸው። ለእርሷ ብቻ ይሆን? ስሙን እንጂ መልኩን ለማያውቁት ረዳት ይሆን? ያች ቀልድ ደስ ላሰኘችው ሕዝብ ሁሉ ይሆን?

መምህርቷ የምትገባበት ክፍል ነበራትና ተመለሰች። ዳኛው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሊያመሩ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲያልፉ፣ በተከፈተው መስኮት ድምፅዋን ሰሙ። «ልጆች፣ ስለ በረሃው ደግሜ ተሳስቼ ነበር» ትላለች። የዚያን የሰልፍ ታሪክ ከታላላቆቻቸው የሰሙት ተማሪዎች ሳቁ። አንዱም፣ «ዘንድሮ ደግሞ ማን አረመዎት መምህርት?» አላት፤ ሳቁ ባሰ።

አቶ አድማሱ ቆሙ። ከዚያ በሩን ገፍተው ገቡና፣ በዚያ በማይታጠፍ ቁመናቸው ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ «ያን ጊዜ በቴሌቪዥን የተሳሳትኩት ዳኛ እኔ ነኝ፤ መምህርታችሁ አንታርክቲካ ሲሉ ልክ ነበሩ» አሉ። ያችን ቃል ለመናገር ከማስታወቂያው በኋላ አንድ እስትንፋስ ይበቃቸው ነበር። አሁን ግን ስሕተቱን አገር ሰምቶታል፤ እርማቱን የሰማው አንድ ክፍል ነው።

ወገኖቼ፣ መሳሳት ማንንም አያዋርድም። ሰው የሚወድቀው ስሕተቱን አውቆ ዝም ሲል ነው። አውቀን ያላረምነው ስሕተት ደግሞ በእኛ ዘንድ ተቀምጦ አይቀርም። ቅን ሰዎች አምነው ይቀበሉናል፤ እኛን አምነውም፣ በቅንነታቸው፣ እውነት የያዘውን ከደጅ ያስወጡታል። ወንበሩ ከፍ ባለ መጠን ቃሉ ሩቅ ይሄዳል፤ ወንበሩ ሲነሣ ግን ተከትለን የምንመልስበት እግር አይኖረንም። ስለዚህ ቃልዎ የሚሰማ ወዳጅ ካለዎት፣ ገና በወንበሩ ላይ ሳለ ይህን ያንብቡለት።

እርስዎስ አንባቢዬ፣ «ዝም ብል ያልፋል» ብለው የተዉት ቃል ዛሬ በማን አፍ እየተነገረ፣ የማንን እጅ እያስወረደ ይሆን?