ቢቀርም ይሆናል

በአንድ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ውስጥ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ነበር። አለቃው ዶክተር መርዕድ ደግሞ ሲያልፉ ሰው ቀርቶ ወንበሩም ቢነሣላቸው ደስ የሚላቸው ነበሩ።

ዶክተሩ ደብዳቤ የሚያትም የኮምፒውተር ትእዛዝ ፈጠሩ። በእሳቸው አሳብ፣ ትእዛዙን የሚጠቀም ሰው አሥራ አራት ነገር መሙላት አለበት፤ ደብዳቤው ብቻ አይበቃም፣ የአያት ስምና የጫማ ቁጥር ሳይቀር ይሞላል። ሰውየው መመሪያውን ሲጽፍ ግን ደብዳቤውን ብቻ «ግዴታ» አለው፤ ከቀሩት አሥራ ሦስቱ አጠገብ «ቢቀርም ይሆናል» ብሎ አሰፈረ።

ዶክተሩ ይህን ሲያዩ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ።

«ና እስቲ አንተ። ቢቀርም ይሆናል ያልከው ማንን ጠይቀህ ነው? እኔን ጠይቄ ነው ብትል ዋሽተሃል፤ ራሴ ወስኜ ነው ብትል ንቀኸኛል። በየትኛውም ቢሆን ዛሬውኑ ዕቃህን ሰብስበህ ትወጣለህ» አሉት።

ሰውየው አንገቱን እንደ ደፋ፣ «እርስዎንም አልጠየቅሁ፣ ራሴም አልወሰንኩ። ሞክሬ ነው፣ ዶክተር» አለ።

«እንዴት አድርገህ?»

«አንዱን ነገር እተወውና ሥራው ይቆም እንደሆነ አያለሁ። ከቆመ ግዴታ ነው፤ ካልቆመ ቢቀርም ይሆናል።»

«በዚህ ሙከራ ማን ያምናል?»

«ቤቱ ሁሉ ያምናል፣ ዶክተር። ባለፈው እርስዎ ለስብሰባ ብለው አንድ ወር ሙሉ ሲጠፉ ሥራው ለአንድ ቀን እንኳ አልቆመም። እሱን ግን ለክብርዎ ስል መመሪያው ውስጥ አላስገባሁትም። ይግባ ካሉ ቦታ አለ።»