የትሁንን ልጅ ማን ይሰይም?

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ለደም ባንክ ድረ ገጽ የሠሩ እህትና ወንድሞች ነበሩ፤ ትልቁ አጥናፉ፣ መካከለኛዋ ዘርፌ፣ ትንሹ መኳንንት። አጥናፉ የለጋሾችን ስምና ስልክ የሚያወጣውን ኮድ አንድ ጊዜ ጻፈው። ገጾቹን የሚያወጣው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ለሕዝቡ ክፍት የሆነውንም ሆነ የየሆስፒታሉን ገጽ ሲያዘጋጅ ያንኑ ኮድ ይጠቀማል። ሥራ ያቀላል፤ ሲበላሽ ግን ሁሉም ጋ ነው የሚበላሸው።

አንድ ቀን እህታቸው ትሁን ሴት ልጅ ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። የደሟ ዓይነት ደግሞ እንደ ልብ የማይገኘው ኦ ኔጌቲቭ ነው። ሐኪሟ የሆስፒታሉን ገጽ ብትከፍት የለጋሾቹ ስም አለ፣ ስልካቸው የለም። ለአጥናፉ ደወለች።

«ቶሎ በሉ፣ እህታችሁ ከእጃችን ልታመልጥ ነው!»

መኳንንት ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ የነካሁት» አለ። የደም ደላሎች ከሕዝቡ ገጽ ስልክ እየወሰዱ ለጋሾቹን ስላስመረሩ፣ በዚያው ጠዋት ቁጥሩን ከጋራው ኮድ ደብቆት ነበር። የሆስፒታሎቹ ገጾችም ያንኑ ኮድ እንደሚጠቀሙ ዘነጋ። ባይናገር ኖሮ ጥፋቱን ሲፈልጉ ይመሽባቸው ነበር።

ዘርፌ የጋራውን ኮድ ተወችው። ቁጥሩን የሚያወጣ ኮድ በዚያው ሆስፒታል ገጽ ላይ ብቻ በችኮላ ጻፈች።

«እንዲህ ለአንድ ገጽ ብቻ አይሠራም!» ብሎ ጮኸባት አጥናፉ።

«እህቴ እየሞተች ስለ አሠራር አታውራኝ!»

ቁጥሩ ወጣ። በከተማው ከነበሩት ለጋሾች ስልክ ያነሳው አንድ መምህር ብቻ ነው፤ እየሮጠ መጥቶ ሰጠ። ትሁን ትንፋሿ ተመለሰ፤ ደሙ ግን አልበቃትም።

የጎረቤት ከተሞችን ለጋሾች የሚያሳየው የየሆስፒታላቸው ገጽ ግን አሁንም ቁጥር የለውም። አጥናፉ እንባው እየወረደ ከጋራው ኮድ ጋር ታገለ፤ ለሆስፒታል እንዲያሳይ፣ ከሕዝብ እንዲደብቅ አደረገው። የሁሉም ገጽ ባንዴ ቁጥር አወጣ። ከጎረቤት ከተማ ለጋሾች ተጠርተው ደሙ በአምቡላንስ ደረሰ፤ ትሁን ተረፈች።

መምህሩ ሲወጣ እንዲህ አለ፦ «ደላሎቹ አስመርረውኝ ዛሬ ስሜን ላሰርዝ ነበር። ቁጥሬ ከሕዝቡ ገጽ መነሳቱን ሳይ ነው የተውኩት።»

ትሁን ዓይኗን ስትገልጥ ሦስቱም አልጋዋ አጠገብ ነበሩ። «ያተረፈኝ ሰው ለልጄ ስም ያውጣላት» አለች።

«ሦስቱም» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ፤ ትሁን የጠየቀችው አንድ ስም ነው። የደበቀው፣ የቸኮለችው ወይስ የታገለው፦ ሕፃኗን መሰየም ለማን ይገባል?