ሌላ ሐኪም የፈለገው አባት

አንዲት እናት ነበረች፤ እማዋይሽ እንበላት። ትንሿን ልጇን ቤተልን ሳል ይዟታል። ሳል ስላችሁ ተራ ጉንፋን አይምሰላችሁ። ደረቷን ሲር ሲር የሚያሰኝ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳል!

ባሏ ሽመክት ልጁን ይወዳታል። አይወዳትም እንዳትሉ። እሱ ራሱ አቅፎ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ነርሷ ደረቷን አዳመጠችና፣ "ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?" አለች።

"እኔ አጨሳለሁ።"

"እንግዲያው ያቁሙ። ልጅቷን የሚያሳምማት ጭሱ ነው።"

ሽመክት ተቆጣ። "እኔ የመጣሁት ለልጄ ነው፤ ስለ እኔ ማን ጠየቀሽ?"

ወደ ግል ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ ሽሮፕ አዘዘና ያንኑ ተናገረ። "ይሄ ገና ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል!" አለ ሽመክት። አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ፣ የሕፃናት ስፔሻሊስት ዘንድ። ስፔሻሊስቷ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ታግሠው አስቀመጡትና በሲጋራ ጭስ ውስጥ ስለሚያድጉ ልጆች የተደረጉትን ጥናቶች አስረዱት። ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ጥናቱ የተሠራው በፈረንጅ ልጆች ላይ ነው። የእኛ ልጅ ጭስ ለምዳለች!"

ለምዳለች! እማዋይሽ እዚያው ጭንቅላቷን ያዘች።

አውቶቡስ ውስጥ፣ "ሌላ ሐኪም እንፈልጋለን" ሲላት ትዕግሥቷ አለቀ። "ምን እስኪሉህ ነው የምንዞረው? 'አጭስ' የሚል እስክታገኝ?" በማግስቱ ልጇን ይዛ እህቷ ቤት ገባች።

እዚያ የሚያጨስ የለም። ውሎ አድሮ ሳሉ ቀለለላት፤ ቤተል ከአክስቷ ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ መሯሯጥ ጀመረች። ሽመክት ሊጠይቃቸው መጥቶ ስትሮጥ አያት። ፊቱ በራ።

"አየሽ! ሽሮፑ ሠራ! በይ ዕቃሽን ያዢና ወደ ቤታችን።"

"ሽሮፑን መች አመጣሁት?" አለች እማዋይሽ። "አንተ ጋ ነው ያለው።"

ይህን ጊዜ ቤተል "አባዬ!" ብላ እየሮጠች መጣች። አነሣት። ፊቷን ሲጋራ ሲጋራ በሚሸተው ኮቱ ውስጥ ቀበረች፤ ከዚያም አሳላት። ሳለች፣ ሳለች፣ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ሳለች። ሽመክት ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጣትና ወደ ኋላ ራቅ አለ። ያን ቀን ሲጋራውን ሊተው ወሰነ። ማቆሙ ቀላል አልሆነለትም፤ ሞክሮ ተመለሰበት፣ ደግሞ ሞከረ። እማዋይሽም ቤቷ የገባችው እሱ በእርግጥ ካቆመ በኋላ ነው።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ትዳራችን ታመመ ትላላችሁ፤ ሽማግሌ ትጠራላችሁ፤ "አንተ ምላስህን ግታ" ሲላችሁ ሽማግሌ ትለውጣላችሁ። ልጃችን ከፋብን ትላላችሁ፤ መምህሩ "ዱላውን ተዉት" ሲላችሁ ትምህርት ቤት ትለውጣላችሁ። እኔም ዘንድ ለምክር ትመጣላችሁ። ያልወደዳችሁትን ስነግራችሁ የት እንደምትሄዱ የማላውቅ ይመስላችኋል?

ምክር አጣን አትበሉ! ምክሩ ሰልችቶት ደጃችሁ ቆሟል። ስንት ሰው እስኪደግምላችሁ ነው የምትጠብቁት? እናንተ አማካሪ እስክትመርጡ ድረስ እኮ ልጆቹ መተንፈስ አለባቸው።